ስለ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ግቢና ስለ ማክሰኝት ማሳዎች

ስለ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ግቢ የተነገረ እንደ ሆነ፥ በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው የድንጋይ አጥር፥ ትልቅ የብረት በር፥ ባለ ፎቅ ቤት፥ የመጻሕፍት ቤትና የተማሪዎች ማደሪያ ነው። ይህም አሳብ ስሕተት አይደለም፤ መምህር ያለ መማሪያ ቤት፥ ተማሪም ያለ ማደሪያ ሊሠሩ አይችሉምና። ነገር ግን ስለ አፈርና ስለ ውሃ፥ ስለ ዘርና ስለ ከብት የሚደረገው ከፍ ያለ ትምህርት ግቢው በአጥሩ ላይ የሚያበቃ አይደለም። የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል ከከተማ ውጭ፥ ገበሬው በሚያርሰው ማሳና ጎርፍ በሚወርድበት ቦረቦር ላይ ይገኛል። ያንንም ክፍል የሚጠብቀው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይሆን የወረዳው ሹም፥ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የማሳው ባለ ይዞታ ነው። በጎንደር ዙሪያ ወረዳ፥ ከማክሰኝት ከተማ በላይ የሚገኘው የጉማራ ተፋሰስ ለዚህ ነገር የታወቀ ማስረጃ ስለ ሆነ፥ በየዞኑና በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት፥ መሬት በእጃችሁ ያለ ባለ ይዞታዎችም ነገሩን ታውቁት ዘንድ ይህን ጽፈናል።

ትምህርትን በአንድ ግቢ ሳይወስኑ በብዙ ስፍራ መክፈል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓን ለማስመስከር የፈለገ ደቀ መዝሙር ወደ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕትን በዙር አባ፥ ቅኔን በዋሸራ ወይም በጎንጅ፥ አቋቋምን ደግሞ በጎንደር በአታ ይማራል። እያንዳንዱ ስፍራ በየትምህርቱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጓዛል። ግቢው የመምህሩ ቤትና ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሠሯቸው ትንንሽ ጎጆዎች ናቸው፤ ስንቁን የሚሰጠው የአገሩ ገበሬ ነው። በዓለም ላይ በብዙ ስፍራ ከተከፈሉት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መካከል ከዚህ ባነሰ ወጪ የቆመ ይኖራል ብዬ አላምንም። ይሁን እንጂ መምህሩ ያረፈ ወይም አገሩ የተራበ እንደ ሆነ ጉባኤው ይበተናል። እንግዲህ የትምህርቱ ኑሮ በአካባቢው ሕዝብ እጅ መሆኑ አዲስ ነገር እንዳይመስለን።

በጎንደር ከተማ የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት መጀመሪያ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። ይህም በ1947 ዓ. ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተባብሮ ያቋቋመው ነው። ከዚያ አስቀድሞ በጣና ዳር በደምቢያ የወባ በሽታ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ወደ ገጠር የተመለከተ ሆነ። የጤና መኮንኑ፥ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጠባቂው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ በዚያም ሕሙማንን ሲያዩ፥ የምንጭ ውሃ ሲመረምሩ፥ ለሕዝቡም ስለ ንጽሕና ሲያስተምሩ ይቆያሉ። ይህ የቡድን ሥልጠና እስከ ዛሬ የጎንደር ትምህርት መታወቂያ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ከጀርመን አገር ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገው ትብብር የሕክምና ትምህርት ተጨመረ፤ በ1996 ዓ. ም. ደግሞ ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በአንድ አጥር ውስጥ ያለ አይደለም። የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ከሆስፒታሉ ጋር አንድ ግቢ ሲሆን፥ የማራኪ፥ የአፄ ቴዎድሮስና የአፄ ፋሲል ግቢዎች በከተማው ልዩ ልዩ ስፍራ ይገኛሉ፤ አንዱ ግቢ ደግሞ በባሕር ዳር መንገድ ላይ በጠዳ ነው። ለእንግዳ ሰው ይህ መበታተን ያስቸግረዋል፤ ለመምህራኑም ከግቢ ወደ ግቢ መመላለስ ድካም ነው። ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጠዳ፥ ከጠዳም ወደ ማክሰኝት የሚሄድ መንገደኛ፥ ትምህርቱ እየተስፋፋ ወደ ገበሬው የሚወርድበትን መስመር እንደ ተከተለ ይቈጠራል። ማክሰኝት ከጎንደር 40 ኪሎሜትር ገደማ የምትርቅ የወረዳው መቀመጫ ናት። በሌላው አቅጣጫ፥ በደባርቅ መንገድ፥ በዳባት ወረዳ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 የተጀመረ የጤና ምርምር ጣቢያ አለ፤ በዚያም ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተወለደውንና የሞተውን፥ የመጣውንና የሄደውን ሰው በመዝገብ ያስገባሉ። ይህም ጣቢያ ምንም ትልቅ ሕንፃ ባይታይበት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ክፍል መሆኑ አይካድም።

ለከፍተኛ ማዕረግ የሚማር የአፈርና የውሃ ተማሪ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይገባል። በከተማው ግቢ ውስጥ የሚያስፈልገው የታወቀ ነው፤ መጻሕፍት፥ ኮምፒዩተር፥ የኤሌክትሪክ ኃይል፥ አፈር የሚነፋበት ወንፊት፥ ትክክለኛ ሚዛን፥ አፈሩንም ለማድረቅ በ105 ዲግሪ ሙቀት ሌሊቱንና ቀኑን የሚቆይ ምድጃ ነው። ከከተማው ውጭ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የዝናብ መለኪያ የሚቆምበት በዛፍና በቤት ያልተከለለ ስፍራ፥ የጎርፉ መጠን የሚለካበት በሲሚንቶ የተሠራ መተላለፊያ፥ ዕቃ የሚቀመጥበትና ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት ቤት፥ ሌሊት ዝናብ በጣለ ጊዜ የሚነሣ የአካባቢ ሰው፥ መኪና የሚገባበት ጥርጊያ መንገድ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የጎደሉ እንደ ሆነ፥ በከተማው ያለው ውድ ምድጃ የሚደርቅ አፈር አያገኝም።

የሌሎች አገሮችን ልማድ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1872 የተመሠረተ፥ ባጭሩ ቦኩ እየተባለ የሚጠራ የእርሻ፥ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲ አለ። ዋናው ግቢው ቱርከንሻንትስ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ሲሆን፥ ሌላው በሙትጋሰ፥ ሦስተኛው ከቪየና ውጭ ቱልን በምትባል ከተማ ይገኛል። ከነዚህ በቀር ሮዛሊያ በሚባለው ተራራማ አገር ወደ አንድ ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የማስተማሪያ ደን፥ ከቪየና በምሥራቅም በግሮስ ኤንትሰርስዶርፍ የሙከራ እርሻ አለው። የደን ተማሪ ዛፍ ሲቈረጥና ሲተከል በደኑ ውስጥ ሆኖ ያያል፤ የእርሻ ተማሪም የመሬቱን እርጥበት በእርሻው ላይ ይለካል። ዩኒቨርሲቲው የግቢውን ስፋት በተናገረ ጊዜ ደኑንና እርሻውን አይተውም።

በአፍሪካም የአፍሪካ ኅብረት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ያስጀመረው ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስና ለዶክትሬት ማዕረግ ብቻ የሚያስተምር ሲሆን፥ የመማሪያ ስፍራዎቹ በልዩ ልዩ አገሮች የተከፈሉ ናቸው። የምድርና የሕይወት ሳይንስ፥ ከእርሻና ከጤና ጋር፥ በናይጄሪያ በኢባዳን ነው፤ መሠረታዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በኬንያ በናይሮቢ አጠገብ፥ የአስተዳደርና የሰብአዊ ትምህርት በካሜሩን በያውንዴ፥ የውሃና የኃይል ትምህርት በአልጄሪያ በትለምሰን ይሰጣል። በዚህ ዓይነት አንድ ትምህርት ቤት ብዙ መንግሥታትን ባለ አደራ አድርጎ ቆሟል።

በአገራችንም የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ከአሜሪካ ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት ትምህርቱ በ1945 ዓ. ም. የተጀመረው በጅማ ነው፤ የዓለማያ ሕንፃ ገና እየተሠራ ነበርና። ኮሌጁ በዓለማያ በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀው በ1950 ዓ. ም. ነው። በዚሁ ዘመን በደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበርና፥ የሐረርጌ፥ የሸዋና የከፋ ምድር በአንድ ጊዜ ለአንድ ትምህርት ያገለግል ነበር ማለት ነው። ከደብረ ዘይት ጣቢያ በኋላ ዘመን የወጡትን የጤፍ ዘሮች የማያውቅ ገበሬ በጎጃምና በሸዋ ጥቂት ነው፤ ይህን ያደረገው የሕንፃው ውበት ሳይሆን ጣቢያው በሙከራ ማሳው ላይ ሳይቋረጥ መሥራቱ ነው።

አሁን ወደ ማክሰኝት እንመለስ። ተፋሰስ ማለት በላዩ የዘነበው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ አፍ የሚወጣበት የምድር ክፍል ነው። የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ስፋቱ ከ50 ካሬ ኪሎሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ታችኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፥ ላይኛው ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ይላል። ውሃው ወደ ጣና ይገባል። በፎገራ በኩል የሚወርደው ሌላው ትልቁ ጉማራ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ፥ ደብዳቤ የምትጽፉ ሰዎች ማክሰኝት የሚለውን ስም ባትተዉት መልካም ነው። በላይኛው ተዳፋት አፈሩ ስስና ድንጋይ የበዛበት ነው፤ በታች ያለው ግን በክረምት የሚጨቀይ፥ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ነው። ጤፍና ማሽላ፥ ስንዴና ባቄላ፥ ሽምብራና ምስር ይዘራበታል። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲጥል፥ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ዝናቡ በጥቂት ወራት ተሰብስቦ፥ ያውም ማሳው ታርሶ ለስልሶ ገና ቡቃያ ባልሸፈነው ጊዜ ስለሚወርድ፥ አፈሩ ይጠረጋል።

ከ2002 ዓ. ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በዚህ ተፋሰስ ላይ ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች የእርሻ ምርምር ማዕከል፥ ባጭሩ ኢካርዳ የሚባለው፥ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የቪየና ቦኩ፥ የአማራ ክልል የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና የጎንደር እርሻ ምርምር ማዕከል ተባብረው ምርምር አድርገዋል፤ የኦስትሪያ መንግሥት የልማት ድርጅትም በገንዘብ ረድቷል። ከአገራችንም ከኦስትሪያም የሆኑ ተማሪዎች የማስተርስና የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙት በዚህ ምድር ላይ በለኩት ውሃና አፈር ነው። እንግዲህ በቪየና የተማረ ሰው ክፍሉ በማክሰኝት ነበረ ብንል ሐሰት አይሆንም።

የሥራው አካሄድ እንደሚከተለው ነበረ። ጎን ለጎን ያሉ፥ በተዳፋታቸውና በአፈራቸው የሚቀራረቡ ሁለት ትንንሽ ተፋሰሶች ተመረጡ፤ አንደኛው አያዬ፥ ሁለተኛው አባ ካሎዬ ይባላሉ። በአያዬ ማሳዎች ላይ የድንጋይ እርከን ተሠራ፤ አባ ካሎዬ ግን ለማነጻጸሪያ እንዲሆን እንደ ነበረ ቀረ። በሁለቱም አፍ ላይ የሚወጣው ጎርፍና ከጎርፉ ጋር የሚሄደው ደለል ተለካ። የድንጋይ እርከን ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ የሚደረደር ዝቅተኛ ግንብ ነው፤ ውሃውን ፈጽሞ አያቆመውም፥ ፍጥነቱን ግን ይሰብረዋል። ፍጥነቱ የተሰበረ ውሃ የተሸከመውን አፈር በእርከኑ ጀርባ ያስቀምጠዋል፤ ከራሱም ከፊሉ ወደ ምድር ይሰርጋል። በተደረጉት ልኬቶች እርከን ካለበት ወገን የሚወርደው ጎርፍና አፈር ከሌለበት ያነሰ መሆኑ ታይቷል። ነገር ግን በእርከኑ ጀርባ ያለው ስፍራ በደለል የተሞላ እንደ ሆነ፥ ከብት ሲረማመድበትም ድንጋዩ የፈረሰ እንደ ሆነ፥ እርከኑ እንደ ቀድሞው አያገለግልም። ስለዚህ እርከን አንድ ጊዜ በዘመቻ ተሠርቶ በሪፖርት ተጽፎ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በየዓመቱ ከፍ ማድረግና የፈረሰውን መጠገን ያሻል። በየወረዳው ከሚላኩልን ወረቀቶች አዲስ የተሠራው እርከን በኪሎሜትር ተቈጥሮ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ የተጠገነው ግን ሲጻፍ ያየነው ከስንት አንድ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ለማነጻጸር ሲባል ያለ እርከን የሚቀር ማሳ ሁሉ የአንድ ሰው ማሳ ነው። ጎረቤቱ አፈሩን ሲያስቀር የእርሱ እየተጠረገ ይሄዳል፤ ይህም ለትምህርት ሲል የሚከፍለው ዋጋ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በወረዳችሁ እንዲደረግ ፈቃድ ስትሰጡ፥ ልኬቱ ባለቀ ጊዜ ያለ እርከን የቀረው ወገን መጀመሪያ እንዲሠራለት በስምምነቱ ውስጥ አስቀድማችሁ አስጽፉ። ደግሞም ከ1967 ዓ. ም. ወዲህ መሬት የሕዝብና የመንግሥት ቢሆንም፥ የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ በማሳው ላይ ለሚቆመው ዕቃና ለሚታጣው እህል ካሣ ይገባዋል። ስምምነቱ በሁለት ተጽፎ አንዱ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፥ ተማሪው ወደ አገሩ ከሄደ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።

ስለ ልኬቱ ጥቅም ጥቂት ቍጥር ብንሰጥ ነገሩን ለማስተዋል ይረዳል። በአንድ ሄክታር፥ ማለት አራት ጥማድ ገደማ በሚሆን ማሳ ላይ፥ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ 10,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር የጣለ እንደ ሆነ 400,000 ሊትር፥ ማለት 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 2,000 በርሜል ውሃ በዚያች ማሳ ላይ ወርዷል ማለት ነው። ከዚህ ውሃ አንድ አራተኛው እንኳ ሳይሰርግ ተዳፋቱን ይዞ የወረደ እንደ ሆነ የሚያደርሰውን ጉዳት ገበሬው ያውቀዋል። አፈሩም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር የተጠረገ እንደ ሆነ፥ ክብደቱ ወደ 12 ቶን ወይም 120 ኩንታል ይደርሳል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ገበሬው ማሳው እንደ ቀነሰ ሳያውቅ ከእርሻው በላይ ብዙ እጥፍ ኩንታል አፈር ወደ ጣና ይልካል። ያለ መለኪያ ይህን ለማወቅ አይቻልም።

ከታች የሚደርሰውም ነገር የወረዳው ጉዳይ ነው። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ የታችኛው ወገን ከጣና ጋር ይዋሰናል። ከ2004 ዓ. ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የሚባለው አረም፥ ዓሣ አጥማጁን ከሐይቁ፥ ከብቱንም ከዳር ግጦሽ እንዳገደው የታወቀ ነው። አረሙ የሚወፍረው ከደጋ ከሚታጠበው አፈርና ከማዳበሪያው ጋር በሚወርደው ምግብ ነው። በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በሐይቁ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ታይቷል፤ ድካሙም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ላይኛው ተፋሰስ ካልተያዘ ታችኛው ሥራ ፍጻሜ አያገኝም፤ ከላይ ደግሞ የትኛው ቦረቦር ብዙ ደለል እንደሚያመጣ ሳይለኩ ገንዘብን በትክክል ማውጣት አይቻልም። በማክሰኝት የተለካው ልኬት ለክልሉ ሁሉ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከሹማምንቱ የሚፈለገው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ጊዜን ማወቅ ነው። የማስተርስ ትምህርት እንደ ልማድ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚህም ውስጥ ለልኬት የሚሆነው ክረምት አንድ ብቻ ነው። የፈቃድ ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ሰኔ ያለፈ እንደ ሆነ፥ በሐምሌም እረኛ የዝናብ መለኪያውን የገለበጠው እንደ ሆነ፥ የዚያ ተማሪ ክረምት ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላ ክረምት የለውም። ከእርሱም ጋር ወረዳው ሊያገኘው የነበረው እውቀት ይጠፋል። እኔ በጽሕፈት ቤት ሥራ ብዙ ዘመን እንደ ቆየሁ መጠን፥ አንድ ፊርማ በመጠበቅ ሦስት ወር የተኛ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ መሥሪያ ቤቱን መጥቀስ አያስፈልግም። ዝናብ ግን ፊርማ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ነገር የአካባቢው ሰው ነው። ከጎንደር ተነሥቶ የሚመጣ ተማሪ ጎርፉን በጊዜው ማግኘት ይቸግረዋል፤ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ይመጣል፥ በአንድ ሰዓት ውስጥም ያልፋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል፥ ቤቱም በቦረቦሩ አጠገብ የሆነ ወጣት ተመርጦ፥ የዝናቡን መጠን በየጧቱ በሁለት ሰዓት እንዲያነብ፥ ጎርፍ በመጣ ጊዜም በየጥቂቱ ደቂቃ ጠርሙስ እየሞላ ሰዓቱን እንዲጽፍበት ሊለማመድ ይችላል። ይህ ሥራ ብዙ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ትጋትን ግን ይጠይቃል። ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ጥቅሙ ይበልጥ ይገለጣል፤ ተማሪው ባይመጣ እንኳ ዝናቡን የሚጽፍ አለና። የንባቡ መስመር አንድ ወር የተቋረጠ እንደ ሆነ ያ ወር በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ሦስተኛው፥ ብዙ የማይነሣው፥ የውጤቱ መመለስ ነው። በማክሰኝት የተለካው ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቪየናና በጎንደር መጻሕፍት ቤቶች ተቀምጧል፤ በዓለም መጽሔቶችም ታትሟል። ማሳውን የሰጠው ገበሬ፥ የወረዳው የእርሻ ባለሙያም ሊያነበው አይችልም፤ ቢችልም አያገኘውም። ስለዚህ በወረዳችሁ ምርምር እንዲደረግ የምትፈቅዱ ሹማምንት፥ ተማሪው ከመሄዱ በፊት አራት ወይም አምስት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክብ፥ በቀበሌም ስብሰባ ላይ ቆሞ ያገኘውን እንዲናገር በፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ጻፉ። መምህራኑ ይህን እንደማይጠሉት እገምታለሁ፤ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ። ያም ወረቀት በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይታሰር፥ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይሰጥ።

ስለ ማኅደር አጠባበቅ ከራሱ ከኢካርዳ ታሪክ የምንማረው አለ። ይህ ማዕከል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ተመሥርቶ ዋና ጣቢያው በሶርያ በሐለብ ከተማ አጠገብ፥ ተል ሐድያ በሚባል ስፍራ ነበረ። በዚያም የስንዴ፥ የገብስ፥ የምስር፥ የሽምብራና የባቄላ ዘር ከብዙ አገር ተሰብስቦ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ ነበር። የሶርያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሠራተኞቹ ጣቢያውን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ዘሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ አስቀድመው ከዘሩ ድርሻ እያደረጉ በሰሜን ዋልታ አጠገብ በኖርዌይ ግዛት በስቫልባርድ ወዳለው የዘር ማከማቻ ልከው ነበርና። በ2015፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ ከዚያ ካስቀመጡት አውጥተው በሊባኖስና በሞሮኮ ዘሩት፤ አባዝተውም ከፊሉን ወደ ማከማቻው መለሱ። ሕንፃውን ያጣ ትምህርትና ምርምር በሌላ ስፍራ ሊቀጥል የቻለው ሌላ ቅጂ ስለ ነበረው ነው።

የማክሰኝት የዝናብና የጎርፍ መዝገብም እንዲሁ በሁለት ቅጂ ሊያዝ ይገባዋል። አንዱ ቅጂ በማክሰኝት በወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት፥ ሁለተኛው በጎንደር በምርምር ማዕከሉ ወይም በዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ቤት ይቀመጥ፤ በየወሩም መጨረሻ የወረዳው ሠራተኛ ወደ ጎንደር በሄደ ጊዜ ገጾቹን ይዞ ይሂድ። መዝገቡ ተራ ደብተር ቢሆን ይበቃል፤ በአምስት አምድ ተሰምሮ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የዝናቡ ሚሊ ሜትር፥ የውሃው ከፍታና የንባቡ ጸሐፊ ስም ይጻፍበታል። መለኪያዎቹ ከግንቦት መጨረሻ በፊት በየስፍራቸው ቆመው፥ ዙሪያቸው በእሾህ ታጥሮ፥ ውስጣቸውም ከአቧራና ከወፍ ጎጆ ተጠርጎ መገኘት አለባቸው፤ የማሳው ባለ ይዞታና የቀበሌው ሊቀ መንበርም ይህን አይተው በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይፈርሙ።